ባለ ሰማያዊ ክሩ ጧፍ

ድመቲቱ ጧፉን ትልስ ነበር።

ውባለም ከምንጭ ተመልሳ፣ እንስራውን ከጀርባዋ ሳታወርድ፣ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ዳማ፣ ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠረው ቀላ ያለች ድመታቸው፣ መደቡ ላይ ወጥታ አንዱን እስር ጧፍ በሁለት እግሯ አቅፋዋለች። ዐይኗን ጨፍና ትልሳለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ በጎን ጥርሷ ታኝካለች።

ውባለም እንስራውን አወረደችና በነጠላዋ ጫፍ ገርፋ አባረረቻት። እስሩን አንስታ አገላብጣ አየችው። ዐሥሩ ጧፎች በሰማያዊ ክር እንደ ታሰሩ ናቸው፤ የሁለቱ ጫፍ ግን ተግጦ ነጩ ፈትል ብቅ ብሏል። መጀመሪያ የተናደደችው ስለ ተበላሹት ሁለት ጧፎች ነበር። ከዚያ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት።

ድመት ሰም ትበላለች እንዴ?

ውባለም ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የኖረችው ሰም በሚቀልጥበት፣ ጧፍ በሚጠቀለልበት ቤት ነው። ውሻም ሆነ ድመት ጧፍ ሲቀምስ አይታ አታውቅም። አይጥ እንኳ የእህሉን ስልቻ ትቀድዳለች እንጂ ጧፉን በአጠገቡ ታልፈዋለች።

አንዱን ጧፍ መዝዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ማር ማር ይላል። ሞቅ እስኪል በአውራ ጣቷ አሸችው። ከማሩ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ነበር። ወደ ምድጃው ሄዳ ዐመዱን ገለጠች፤ ፍሙ ላይ እፍ ብላ ጧፉን ለኮሰችው። ንጹሕ ሰም ሲበራ ድምፅ የለውም። ይህኛው ግን ተንጣጣ፤ ቀጭን ጥቁር ጭስ ለቀቀ፤ ቤቱን ሃምሳ ቀን ያልነበረ ሽታ ሞላው። ሞራ ነው። በፋሲካ ጧት ከየጎጆው የሚወጣው የሥጋና የስብ ሽታ።

ቀኑ ደግሞ የሕማማት ማክሰኞ ነበር።

ጧፉን ውሃ ውስጥ ነከረችው። ሽታው እንዲወጣ በሩን ከፈተች፤ ወዲያው ደግሞ ጎረቤት እንዳይሸተው ብላ መልሳ ዘጋችው። አንድ እፍኝ ደረቅ የጥድ ቅጠል ፍሙ ላይ በተነች። መሬት ላይ ቁጭ አለች። መደቡ ላይ ያሉት ዐሥር እስሮች ናቸው። ሃያዎቹ ከሆሣዕና በፊት ወደ ጉብታው ኪዳነ ምሕረት ሄደዋል። በትንሣኤ ካህናቱ እነዚያን ጧፎች አብርተው መቅደሱን ሊዞሩ ነው፤ ሕዝቡም ከእነሱ እየለኮሰ ሊያበራ ነው። የታረደ በሬ ሞራ፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ በመቅደስ ውስጥ።

ሠላሳውም እስር የታሰረው በእናቷ ሰማያዊ ክር ነው።

በዓርብ ገበያ ዙሪያ የተዋበችን ጧፍ የማያውቅ ቄስ አልነበረም። ተዋበች፣ የውባለም እናት፣ በገበያ ቀን እንደ ሌሎቹ ሻጮች አትጣራም። ከገበያው ወይራ ጥላ ጫፍ ነጠላዋን አጣፍታ ትቀመጣለች፤ እስሮቹንም ክራቸው ወደ ሰው እንዲታይ አድርጋ ትደረድራለች። በቃ። ሌሎቹ በነጭ ክር ወይም በልጥ ያስራሉ፤ የሷ ሰማያዊ ነው፤ ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ አንድ ጊዜ ይቋጠራል። ከቤተ ልሔም ደብር የሚመጡት የድጓ ተማሪዎች እንኳ ስሟን ሳይጠሩ «ባለ ሰማያዊ ክሩን» ይላሉ።

ሰሙንም ቢሆን ከማን ቀፎ እንደ ወጣ ሳታውቅ አትገዛም ነበር። የእነ ጓዴ ንብ ወንዙ ዳር ስለሚቀስም ሰማቸው ቀላ ይላል፤ የደጋዎቹ ነጣ ይላል፤ የጠጅ ቤቱ ሰፈፍ ብዙ ማጥለል ይፈልጋል። እየዞረች፣ የታመመ ጠይቃ፣ የወለደች አይታ፣ በዚያው ሰሟን ይዛ ትመለሳለች። ይህን ሁሉ እያወቀችም ከእያንዳንዱ ሰም ቁራሽ ቆርሳ ሳታኝክ አትቀበልም። ንጹሕ ሰም ከጥርስ ሥር ይፈረፈራል፤ ሞራ የገባበት ግን ያንሸራትታል፣ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። በጾም ቀን ሰም የምትገዛው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። አፏን ከፈታች በኋላ። ይህን ደንብ አንድም ቀን አፍርሳው አታውቅም።

በጾሙ አጋማሽ ግን የተዋበች ወንድም በእስቴ አገር ሞተ ተባለ። ተዋበች ለልቅሶ በእግሯ ስትነሣ ዐሥሩን እስር ሠርታ ጨርሳ ነበር፤ ሃያውን ለውባለም ተወችላት። ሰሙ ይበቃሻል፣ ካልበቃሽ እነ ጓዴ ቤት ሂጂ አለቻት። ይበቃትም ነበር፤ አንድ ቀን ሰሙን እሳት ላይ ጥዳ የሒሳብ ደብተሯን ባትከፍት ኖሮ። ቀና ስትል ድስቱ ነዷል። ግማሹ ሰም ዐመድ ላይ ፈሰሰ።

እነ ጓዴ ቤት መሄድ ፈራች። የተዋበች ሰም እንዴት ጎደለ ብለው ይጠይቃሉ፤ እውነቱ ደግሞ ከእናቷ ቀድሞ ይሰማል። ስለዚህ በዓርብ ገበያ፣ ማንም የማያውቀው ባለ በቅሎ ሰውዬ የሚያብረቀርቅ ሰም ይዞ ስታየው የፈጣሪ እጅ መሰላት። ሰዓቱ ገና ሦስት ነበር። ሰውዬው በቢላዋው ጫፍ ቁራሽ ቆርሶ፣ ብትጠራጠሪ ቅመሺው አላት።

ውባለም ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾም ነበር። አንድም ቀን አላጓደለችም። ለዚያች ቁራሽ ሰም ብላ ልታፈርሰው ነው? እስከ ዘጠኝ ይጠብቃት እንደሆነ ስትጠይቀው መንገደኛ ነኝ አላት።

«እንግዲያው አልቀምስም፤ ጾመኛ ነኝ» አለችው።

ሰውዬው ፈገግ ብሎ መረቃት። ያ ፈገግታ ምን እንደ ነበር አሁን ገባት። በጾሟ ኮርታ የሞራ ሰም ገዛች።

በሩ ሲንኳኳ ዘላ ተነሣች። የክፍል ጓደኛዋ የሺ ናት፤ ከስግደት መመለሷ ነው፤ ግንባሯ ላይ ገና አፈር አለ።

«ምነው፣ ጅብ ያየሽ መሰልሽ» አለቻት የሺ እየገባች። ከዚያ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች። «ይህን ሁሉ ጥድ ምን አስጨሰሽ?»

ውባለም ቁንጫ በዝቶ ነው አለች። የሺ ሳቀች። አንድ ወሬ ይዛ መጥታለች፤ ሆዷ ሊፈነዳ ደርሷል። ቁጭ ሳትል ጀመረችው። አባ እንየው፣ የጉብታው ኪዳነ ምሕረት ሽማግሌ ቄስ፣ በሆሣዕና ቅዳሴ ላይ መቅደስ ቆመው ሥጋ ሸተታቸው። የተጠበሰ ሥጋ። ሌላ ማንም አልሸተተውም። ዐይናቸው ስለደከመ ጧፉን ከመጽሐፉም ከአፍንጫቸውም አስጠግተው ነው የሚያነቡት፤ እጣኑ እንኳ ከሽታው አላስጣላቸውም። ሰይጣን በጥብስ ፈተናቸው እየተባለ ነው። የሺ ይህን ስትናገር አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቅ ነበር።

ውባለም አልሳቀችም። «ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ተዋርደው ተናገሩት። ሆዴ አምላኬ ሆነ፣ በስተርጅና ወደቅሁ አሉ። ለፋሲካ መቅደስ አልገባም ብለዋል። ከእሑድ ጀምሮ ከሁሉም ተለይተው ከግንቡ ኋላ ይሰግዳሉ። ጉልበታቸው እኮ ቆስሏል፣ ባየሽው።» የሺ ሳቋ እየቀነሰ ሄደ። «ለነገሩ ያሳዝናሉ።»

ውባለም ፍሙን በዐመድ መልሳ ከደነችው። አባ እንየው የእናቷ የንስሐ አባት ናቸው። አባቷ በሞተ ጊዜ በዝናብ መጥተው ፍትሐት የፈቱለት እሳቸው ናቸው። የሺ ከሄደች በኋላም ሽታው ከአፍንጫዋ አልወጣ አለ።

በሆሣዕና ዋዜማ ከልቅሶ የተመለሰችው እናቷ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከስግደት ገባች። ደክሟታል፤ ፊቷ ግን በርቷል። ዳማ የጋጠችውን እስር ውባለም ከቅርጫቱ ሥር ደብቃዋለች። ተዋበች ውሃ ጠጥታ፣ ሽሮዋን ቀምሳ፣ ያመጣችውን ዜና ተናገረች። ከቤተ ልሔም ሰው ልከውላታል፤ ከፋሲካ በኋላ የዓመቱን ጧፍ ከሷ ሊወስዱ ይፈልጋሉ። ከሷ ብቻ።

ከምድጃው ዳር ዐመድ በተነችና በእንጨት ጫፍ መሞነጫጨር ጀመረች። ከመስከረም ወዲህ ልጇ ፊደል ታስቆጥራታለች። ስሟን እስከ ሦስተኛው ፊደል ትጽፋለች፤ «ች» ግን ትጠፋባታለች። ዛሬም እዚያ ስትደርስ ቆመች።

«እንጃ፣ ደስታ ሲበዛብኝ እፈራለሁ» አለች ዐይኗን ከዐመዱ ሳታነሣ። «ይሄን ያህል ሰው የሚያምነኝ ማን ሆኜ ነው እላለሁ። አንድ ቀን አንድ ነገር ይበላሽና ሁሉም ባዶ ይሆናል እላለሁ። ደግሞ እኔ መቼ ነው የማልፈራው።» ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከዚያ አባ እንየው ትዝ አሏትና ፈገግታው ጠፋ። እንደዚያ ያሉ ጻድቅ ሰው እንዲህ ከተፈተኑ እኛማ ምን ልንሆን ነው ብላ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ውባለም አፏን ከፈተች። «እማየ» አለች።

«ወይ።»

እናቷ ፊት ላይ ያለውን ብርሃን አየችው፤ በዐመዱ ላይ የተጻፉትን ሦስት ፊደላት አየች። «ች እንዲህ ናት» አለችና እንጨቱን ተቀብላ ጻፈችላት።

በሕማማት ኑዛዜ የለም፤ ካህን መስቀል አያሳልምም፣ እግዚአብሔር ይፍታ አይልም። ውባለም ተኝታ ይህን እንደ ምርኩዝ ያዘችው። አሁን ብናገርም ማንም አይፈታኝም፤ ከፋሲካ በኋላ እናገራለሁ አለች። ከፋሲካ በኋላ ጧፎቹ ነደው እንደሚያልቁ ግን ታውቅ ነበር። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያበራ ሽታው እንደማይደበቅም ታውቅ ነበር። ያኔ አንዱ ቀና ብሎ ጧፉን ያያል፤ ሰማያዊውን ክር ያያል።

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣላት። ክሩ ባይኖርስ?

ረቡዕ ጧት እናቷ ቀድማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣች፤ የቀሩትን ዐሥር እስሮች ለገበዙ ለቄስ ይሁኔ እንድታስረክብ ለውባለም ነግራታለች። ውባለም ቅርጫቱን በነጠላ ሸፍና ተነሣች፤ ግን በቀጥታ አልሄደችም። ወደ ገበያው ዳር፣ ወደ ፋጡማ ቤት ታጠፈች።

ፋጡማ የሸማኔ ሚስት ናት፤ ባለ አንድ በር ቤቷ ውስጥ ክርና መርፌ ትሸጣለች። ሰማያዊውን ክር ከሩቅ አስመጥታ ለተዋበች የምታቀርበው እሷ ናት። ሌሎች ጧፍ ሻጮች ከዚያው ክር ስጪን ብለው ለምነዋት፣ ይህ ባለቤት አለው ብላ መልሳቸዋለች ይባላል።

«እትዬ ፋጡማ፣ ጥቁር ክር ይስጡኝ» አለች ውባለም።

«ጥቁር? ማን ሞተባችሁ ደግሞ?»

«ማንም። ሰማያዊው አልቆብን ነው።»

ፋጡማ ክር መጠቅለሏን ሳታቆም ቀና ብላ አየቻት። ለዓመት የሚበቃ ሰማያዊ ክር ለተዋበች የሰጠቻት ባለፈው ወር ነው። ይህን ግን አልተናገረችም። የተሸፈነውን ቅርጫት አየች፤ የልጅቱን ከንፈር አየች።

«እናትሽ ያን ክር ለምን እንደ ያዘችው ነግራሽ ታውቃለች?»

«እንዲያምር መሰለኝ። ሰው እንዲለየው።»

«እንዲያምር» አለች ፋጡማ፤ ለራሷ ሳቅ አለች። ከዚያ ነገረቻት። ተዋበች ጧፍ መሥራት በጀመረችበት ዓመት ፈትሉን አወፍራው ኖሮ፣ በአንድ ሰው ተዝካር ላይ ጧፉ እየበራ እየጠፋ አስቸገረ። ካህናቱ በጨለማ ቀሩ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። የማን ሥራ እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ በገበያው የሁሉም ጧፍ ነጭ ክር ነበርና። ዝም ብትል ያልፍ ነበር። እሷ ግን ቤት ለቤት ዞረች፤ የኔ ነው፣ መልሱልኝ እያለች ሰበሰበችው። በማግስቱ እዚህች ቤት መጣች።

«ማንም የማይዘውን ቀለም ስጪኝ አለችኝ። ለምን ብላት ምን አለች መሰለሽ? ሲያምር እንዲያመሰግኑኝ አይደለም፤ ሲበላሽ ወደ ማን እንደሚመልሱት እንዲያውቁ ነው አለችኝ።» ፋጡማ ራሷን ነቀነቀች። «እኔማ ስቄባት ነበር። አንቺ ሴት፣ ሰው ጥፋቱን ይደብቃል፣ አንቺ በክር ታስሪበታለሽ ብያት ነበር። እየፈራች ነው ያደረገችው ደግሞ። እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።»

አንድ ጥቅል ጥቁር ክር አንሥታ ውባለም ፊት አኖረችው። «ይኸው። ጥቁሩ ሞልቷል።»

ውባለም ክሩን ወሰደችው። ፋጡማን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ጉብታውን ስትወጣ የስግደቱ ድምፅ ከላይ ይመጣል፤ ካህኑ ያዜማል፣ ሕዝቡ ኪርያላይሶን እያለ ይወድቃል፣ ይነሣል። ገበዙ ቄስ ይሁኔ በዕቃ ቤቱ ደጅ አገኟት። ቅርጫቱን ልትገልጥላቸው ስትል እጃቸውን አወዛወዙ።

«የተዋበች አይደል? ምኑን አያለሁ። ግቢና ከሌሎቹ ጋር አኑሪው» ብለዋት ወደ ስግደቱ ገቡ።

ዕቃ ቤቱ ከፊል ጨለማ ነው፤ እጣንና አሮጌ ብራና ይሸታል። ሃያዎቹ እስሮች መደርደሪያው ላይ ናቸው። በውስጣቸው የእናቷ ንጹሕ ጧፎች አሉ፣ የሷም የሞራዎቹ አሉ፤ ተቀላቅለዋል፤ በዐይን አንዱን ካንዱ መለየት አይቻልም። ሁሉም ሦስት ዙር፣ አንድ ቋጠሮ። ውባለም ጥቁሩን ክር ከመቀነቷ አወጣች። የመጀመሪያውን እስር ፈታች። ሰማያዊው ክር መሬት ላይ ወደቀ። ቶሎ ብትሠራው ሁሉንም ትጨርሰዋለች። ማንም አላያትም።

በትንሿ መስኮት በኩል አንድ ድምፅ ሰማች፤ ማቃሰት ነው። ብቅ ብላ አየች።

አባ እንየው ከግንቡ ኋላ ብቻቸውን ናቸው። ወደቁ፤ ግንባራቸው መሬት ነካ። ሊነሡ ሲሉ አንድ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። ግንቡን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ድንጋይ ይዘው ተንጠላጠሉ፤ እንደምንም ቆሙ። ነጠላቸው በጉልበታቸው በኩል ጠቁሯል፤ ደም ይሁን ጭቃ አልለየችም። ትንፋሻቸው ሳይመለስ እንደገና ወደቁ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ማረኝ፣ ይህን ሆዴን ማረኝ ይላሉ።

ውባለም ከመስኮቱ ዘወር አለች። ጥቁሩ ክር እጇ ላይ ነበር፤ ሰማያዊው እግሯ ሥር። ብትናገር የቤተ ልሔም ሰዎች ይቀራሉ። ገበዙ ሳያዩ የማይቀበሉ ይሆናሉ። እናቷ ወይራው ሥር ስትቀመጥ ሰው እያየ ያልፋታል። ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ታያት፤ እንባዋ መጣ። ደግሞ ያ የቆሰለ ጉልበት ታያት።

ጎንበስ ብላ ሰማያዊውን ክር አነሣችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አዞረችው። ቋጠረችው። ያንኑ እስር ይዛ ወጣች።

«አባ» አለች ከኋላቸው ቆማ።

አባ እንየው አልሰሙም። ሲነሡ ጠብቃ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። የደከሙ ዐይኖቻቸው ፊቷን ፈለጉ። የተዋበች ልጅ መሆኗን በድምፅ ለዩ፤ ልጄ፣ ሂጂ ከሰው ጋር ስገጂ፣ እኔ ዘንድ አትቁሚ አሏት።

«አባ፣ ሰይጣን አይደለም» አለች። «የሸተተዎት ሞራ ነው። ጧፉ ውስጥ ያለ ሞራ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

እስሩን እጃቸው ላይ አኖረችው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ ነደደው ድስት፣ ስለ ባለ በቅሎው ሰውዬ፣ ለጾሟ ብላ ስላልቀመሰችው ቁራሽ። ስለ ድመቲቱም። ሽማግሌው አንድ ጧፍ መዘዙ፤ በመዳፋቸው አሙቀው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ውባለም የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ ቀረብ ብላ ስታይ ግን ሳቅ ነበር፤ በሕማማት የማይሳቅ ሳቅ፣ በጢማቸው ውስጥ ታፍኖ። ዐይናቸው ግን እውነትም አንብቷል።

«ሦስት ቀን ሙሉ» አሉ ሲረጋጉ፣ «ሰይጣንን ያለ ጥፋቱ ስረግመው ከረምሁ።»

ግንቡን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ተመልሶ ከበደ። «ልጄ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መቅደስ ውስጥ በርቷል። ደግሞ ሕማማት ነው፤ ይፍታሽ ልልሽ አልችልም።»

«ልፈታ ብዬ አይደለም» አለች ውባለም። «እንዳይሰግዱ ብዬ ነው።»

ክሩን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ሦስቱን ዙር፣ ቋጠሮውን። ለፋሲካ የቀሩት ቀናት ጥቂት ናቸው፣ ጧፍ ከየት ሊመጣ ነው አሉ። ውባለም ዛሬውኑ እነ ጓዴ ቤት እንደምትሄድ፣ የመጀመሪያው ሰም ለምን እንደ ጎደለም እንደምትነግራቸው ነገረቻቸው። ሌሎቹም ቤቶች ትሄዳለች። ቢቆጧትም ትሄዳለች።

«እናትሽስ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እኔ ልንገራት? ከኔ ብትሰማው ይቀላት ይሆናል።»

ውባለም እሺ ለማለት ምን ያህል እንደ ቀረባት እሷ ብቻ ታውቃለች። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እንደማያዩት ትዝ አላትና «አይ፣ እኔው ልንገራት» አለች።

እስሩን ከእጃቸው መልሳ ተቀብላ፣ ዕቃ ቤት ገብታ ሠላሳውንም እስር ቅርጫቱ ላይ ቆለለችው። ጥቁሩን ክር ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ከተተች፤ ለፋጡማ ትመልሳለች። ቅርጫቱን የሸፈነችበትን ነጠላ አንሥታ አየችው፤ ከዚያ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

ከዕቃ ቤቱ እስከ ሴቶቹ መስገጃ ያለው መንገድ እንደዚያ ረዝሞባት አያውቅም። ሰው ቀና እያለ ያያታል። የሺ አየቻት። ገበዙ ከወንዶቹ ወገን ሆነው አዩና ቅንድባቸውን አነሡ። ሰማያዊው ክር በፀሐይ ውስጥ ከሩቅ ይታያል። እሷ ግን መራመዷን አላቆመችም።

እናቷ ከአንድ ዛፍ ሥር ናት። ውባለም አጠገቧ ደርሳ ቅርጫቱን በሁለታቸው መካከል አስቀመጠች። ካህኑ አዜመ፤ ሕዝቡ ወደቀ፤ እሷም ወደቀች። ተዋበች ግንባሯን ከመሬት ሳታነሣ ወደ ጎን ዞር ብላ አየች፤ መጀመሪያ ቅርጫቱን፣ ቀጥሎ የልጇን ፊት። ከንፈሯ ላይ ያለው ጸሎት ቆመ።

«እማየ» አለች ውባለም በሹክሹክታ፣ ጉንጯ አፈር ላይ እንዳለ። «ስንጨርስ እነግርሻለሁ።»

ሕዝቡ ሲነሣ አብረው ተነሡ። የእናቷ እጅ ፈልጎ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ፤ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልለቀቀም። ውባለም ቅርጫቱን አልከደነችውም።